ከቀዶ ሕክምና በኋላ ወደ ቤት የሚመልሰን ማነው?

በአገራችን ገጠር ሰው በጠና ሲታመም ምን እንደሚደረግ የምታስታውሱ ብዙ ናችሁ። የመንደሩ ጎረምሶች ቃሬዛ ያነሳሉ፤ እየተቀባበሉ ዳገት ቁልቁለቱን አልፈው ሐኪም ቤት ያደርሳሉ። እዚህ ካኩማ ካምፕም ልማዱ አልጠፋም። ሌሊት አንዲት እናት ምጥ ቢጠናባት ወይም አንዱን ትርፍ አንጀት ቢይዘው ጎረቤት ተሯሩጦ ገንዘብ ያዋጣል፣ ስልክ ይደውላል፣ መኪና ይፈልጋል። ልብ ብላችሁ እንደሆነ ግን ያ ሁሉ ሩጫ ለመሄጃው ነው። በመመለሻው ቀን ሰውዬው «ድነሃል፣ ወደ ቤትህ ሂድ» ይባልና ከነስፌቱ መንገድ ዳር ቆሞ ቦዳ ቦዳ ሲጠብቅ ይገኛል።

ይህን የምጽፈው መምህር እንጂ ሐኪም ሆኜ አይደለም። ሕክምና ነክ የሆነውን ሁሉ ሙያው ያላቸውን ሰዎች ጠይቄ ነው ያሰፈርኩት።

በሰፈራችን ጋሼ የምንላቸው አንድ ሰው ከካምፑ ውጭ ባለ ሆስፒታል የኸርኒያ፣ ማለትም ብዙዎቻችን ቡአ የምንለው በሽታ፣ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ነበር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ መውጣት እንደሚችሉ ተነገራቸው። ቤተሰብ አልተጠራም፤ «ምን ያስቸግራል፣ ደህና ነኝ እኮ» አሉ። ከተሳፋሪ ጋር በፕሮቦክስ የኋላ ወንበር፣ በጆንያ ተጣብቀው መጡ። ከመኪናው ወርደው እስከ ቤታቸው ያለውን ደግሞ በሞተር ጨረሱት። ማታ ፋሻው በደም ርሶ ተገኘ፤ ስፌቱ ተከፍቶ ስለነበር በካምፑ ሆስፒታል እንደገና ተሰፋ። ጋሼ ዛሬ ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን ሱቃቸው ከታሰበው በላይ ሁለት ሳምንት ተዘግቶ ቆየ፣ የልጆቹም ደብተር በብድር ተገዛ።

«ደህና ነኝ» የሚለውን ቃል በዚያ ቀን ማመን የማይገባው ለምንድነው? ሙሉ ሰመመን የተሰጠው ሰው ዐይኑን ገልጦ ቢያወራም፣ ሻይ ቢጠጣም፣ መድኃኒቱ ከሰውነቱ ጨርሶ አልወጣም። እስከ 24 ሰዓት ድረስ ማመዛዘኑና የእጅ እግሩ ቅልጥፍና ሙሉ አይሆንም። ስለዚህ በዚያን ዕለት ሞተርም መኪናም አይነዳም፣ ወረቀት አይፈርምም፣ ገንዘብ አይቆጥርም። እናት ከሆነች ከሰል ምድጃ ፊት አትቀመጥም፣ ሕፃንም ብቻዋን አትይዝም። ኬታሚን የተባለው ማደንዘዣ የተሰጠው ሰው ደግሞ ሲነቃ ሊቃዥ፣ የሌለ ነገር ሊያይ ይችላል። ይህ በሰዓታት ውስጥ የሚያልፍ ስለሆነ «ሰው አየው፣ ለከፈው» እያላችሁ አትሸበሩ፤ ብቻውን ግን አይለቀቅም። በጀርባ መርፌ ከወገብ በታች የደነዘዘ ሰው ያለው ችግር ሌላ ነው፤ አእምሮው ንቁ ነው፣ እግሩ ግን ሊከዳው ይችላል። በራሱ ቆሞ ጥቂት እርምጃ ሳይራመድና ሽንቱን ሳይሸና መኪና ላይ መውጣት የለበትም። ሽንቱ እምቢ ካለው እዚያው ለነርሷ ይናገር እንጂ «መንገድ ላይ ይመጣል» አይባልም።

አሁን ወደ መንገዱ እንምጣ። ከሎድዋር እስከ ካኩማ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አስፋልቱ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ተሻሽሏል፤ የድሮውን መንገድ የምናውቅ ሰዎች እናመሰግናለን። ስፌት የሚጎዳው በአብዛኛው በመጨረሻው ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ነው፣ ማለትም ከአስፋልቱ ወርደን አሸዋውንና ደረቁን ላጋ አቋርጠን ወደየሰፈራችን ስንገባ። ስለሆነም ከሾፌሩ ጋር ስትነጋገሩ «እስከ ስቴጅ» ሳይሆን «እስከ ቤት በር» ብላችሁ ተዋዋሉ። «ምጎንጅዋ ነው፣ ፖሌ ፖሌ» በሉት፤ አብዛኛው ሾፌር ይህን ሲሰማ ይረዳል። የሆስፒታል ሒሳብና የመድኃኒት ወረፋ ስለሚያዘገይ የመጠበቂያውን ዋጋም አስቀድማችሁ ጨርሱ። ሁሉንም ሒሳብ ቀድሞ በኤምፔሳ መላክ ግን አይመከርም፤ ቀሪው ቤት ሲደረስ ይከፈል።

ቦዳ ቦዳ ርካሽ ነው፣ እኔም በየቀኑ እሳፈርበታለሁ። ሆዱ፣ ብሽሽቱ ወይም ዳሌው የተሰፋ ሰው ግን እግሩን ከፍቶ በሞተር ላይ ሊቀመጥ አይገባም። ዐይኑን የሞራ ቀዶ ሕክምና የተደረገለትም እንደዚሁ፤ የካኩማን አቧራና ነፋስ እናውቀዋለን። እግሩ በጀሶ የታሰረ ሰው ደግሞ እግሩን ዘርግቶ ከፍ የሚያደርግበት ቦታ ያስፈልገዋል። ስለዚህ የወንበር ሒሳብ ስታስቡ ለእርሱ ሁለት ሰው ነው ብላችሁ ቁጠሩት። በመንገድ ላይ ጣቶቹ ቢያብጡ፣ ቢጠቁሩ ወይም ቢደነዝዙ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መመለስ ነው።

በማታቱም ሆነ በፕሮቦክስ የኋለኛው ወንበር ከኋላ ጎማው በላይ ስለሆነ ከሁሉም በላይ ይነጥራል። የፊተኛውን ወይም የመሐሉን ለምኑ፣ ካስፈለገም ጨምራችሁ ክፈሉ። ቀበቶው «ቁስሉን ይነካዋል» ተብሎ አይተውም፤ ከሆድ ዝቅ ብሎ በዳሌ አጥንት ላይ ይታሰራል፣ በስፌቱና በቀበቶው መካከልም የታጠፈ ነጠላ ወይም ትንሽ ትራስ ይገባል። ያው ትራስ ሲያስል ወይም መኪናው ሲነጥር በእጅ ጫን አድርጎ ለመያዝም ይረዳል። በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ሕፃኑን በቀበቶዋ ውስጥ አታስገባም፤ ልጁን የሚይዘው አስታማሚው ነው። የታዘዘው የሕመም ማስታገሻ ከመነሳቱ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ይዋጥ። ውኃና ለትውከት የሚሆን ፌስታል ያዙ። በየሰዓቱ ገደማ ቆማችሁ ጥቂት እርምጃ ይራመድ፣ ተቀምጦም ቁርጭምጭሚቱን ያንቀሳቅስ፤ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ በእግር ውስጥ ደም እንዲረጋ ያደርጋልና።

ስለ ፈቃድ ወረቀት ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። ከካምፑ ስንወጣ የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ይጠየቃል፣ ቀኑም የተወሰነ ነው። ቀዶ ሕክምናው በሁለትና በሦስት ቀን ቢራዘም በሽተኛው አልጋ ላይ ሳለ ቀኑ ያልፍበትና በመመለሻው ኬላ ላይ ይቸገራል። ቀኑ እንደሚያልፍ ስታውቁ ወዲያውኑ ከሆስፒታሉ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ጠይቁ፣ ፈቃዱን ለሰጠው ቢሮም በስልክ አሳውቁ። አስታማሚው የራሱ ፈቃድ እንዲኖረው ከመጀመሪያው ይጠየቅ፤ በኋላ «ልምጣና ልውሰደው» የሚል ወንድም ፈቃድ ሳይይዝ መውጣት አይችልም። በድርጅት ሪፈር የተላከ ሰው ብዙውን ጊዜ መኪና ይመደብለታል፣ ነገር ግን መኪናው የሚመለስበት ቀንና እርሱ የሚወጣበት ቀን ላይገጥም ይችላል። ይህንን ገና ሲሄዱ መጠየቅ ነው።

ሐኪሙ ከሰዓት በኋላ «ውጣ» ቢል «እስከ ጠዋት ልቆይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። በጠዋት መንገድ ፀሐዩ ይቀላል፣ መኪና ቢበላሽም ቀን ነው። በዝናብ ወቅት ታራች ወንዝ ሲሞላ የሚሆነውን ታውቃላችሁ፤ እዚህ ጠብ ሳይል ጎርፉ ከሩቅ መጥቶ መንገድ ይቆርጣል። ከመነሳት በፊት ሰፈር ያለ ሰው ጋር ደውሎ «ወንዙ እንዴት ነው?» ማለት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

እዚህ ላይ ለእድሮቻችን አንድ ሐሳብ አለኝ። ለሞተ ሰው ድንኳን አለን፣ ወንበር አለን፣ ድስት አለን። ለዳነ ሰው ግን መኪና የምንከራይበት ሣንቲም የለንም። ከወርኃዊው መዋጮ ትንሽ ተነስቶ «የመመለሻ» ተብሎ ቢቀመጥ፣ ሁለት የታመኑ ሾፌሮችም ስልካቸው ቢመዘገብ ምን ይከብዳል? አንዳንድ ሽማግሌዎች «በሕመም ላይ መዘጋጀት ሟርት ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ። አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ድንኳኑንስ አስቀድመን ገዝተን የለም ወይ?

ቤት ከተደረሰ በኋላ ጎረቤት «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» ሊል ይመጣል፤ ደግ ነገር ነው። የመጀመሪያው ማታ ግን ጠያቂው አጠር አድርጎ ይሂድ፣ አንድ ሰው ብቻ አብሮ ይደር። የሚያድረው ሰው እነዚህን ይወቅ፦ ፋሻውን የሚያርስ ደም፣ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆነ ትኩሳት፣ የማያቆም ትውከት፣ ሽንት መከልከል፣ የአንድ እግር ባት ማበጥና ማመም፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ሌሊትም ቢሆን ወደ ካምፑ ሆስፒታል ይኬዳል። በጀርባ መርፌ የተሠራለት ሰው በቀጣዮቹ ቀናት ቀና ሲል የሚነሳ፣ ሲተኛ የሚቀል ከባድ ራስ ምታት ከያዘው እርሱም ይታይ። ከሆስፒታል የተሰጠው ወረቀት በፌስታል ተጠቅልሎ ከራስጌ ይቀመጥ፤ ስፌት የሚወጣበት ቀን እዚያ ላይ ተጽፏል። እንግሊዝኛው ያስቸገረው ካለ ትምህርት ሲለቀቅ ወደ መምህራን ክፍል ይዞት ይምጣ፣ እናነብለታለን።