የሌሊት ፎቶ ጠላቱ መብራት ነው

በሌሊት ድልድይ ለማንሳት የሚወጣ ጀማሪ የሚፈራው ጨለማውን ነው። ጨለማ ግን አያስቸግርም፤ ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አስሮ፣ ሹተሩን ከፍቶ ለሚጠብቅ ሰው የያዘውን ቀስ በቀስ ያወጣለታል። ሥራውን የሚያበላሸው መብራቱ ነው። አንድ የመንገድ አምፖል አጠገቡ ካለው የድንጋይ ግንብ በብዙ ሺህ እጥፍ ሊደምቅ ይችላል። ግንቡ እስኪታይ ሲጠበቅ አምፖሉ ነጭ እሳት ሆኖ ዙሪያውን ይበላል፤ አምፖሉን ለማትረፍ ሲቸኮል ደግሞ ድልድዩ ራሱ ይጠፋል። የዚህ ሙያ ብልሃት ሁሉ የሚዞረው በሁለቱ ጠብ ላይ ነው።

ጠቡን በማስታረቅ ስሙ የሚነሣው ፎቶ አንሺው ብራሳይ ነው። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ጊዩላ ሃላስ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1899 ዛሬ ሩማኒያ ውስጥ በምትገኘው ብራሾ ከተማ ተወለደ፤ ብራሳይ የሚለውንም ስም ከዚያችው ከተማ ወሰደ። በ1924 ፓሪስ ገብቶ በጋዜጠኝነት እየሠራ ሌሊቱን በእግሩ ሲዞር የሚያነጋ ሰው ነበር። መጀመሪያ ፎቶግራፍን ይንቅ ነበር ይባላል። በኋላ ግን ያየውን ሌሊት ለመያዝ ሌላ መንገድ አጣ፤ በ1932 መጨረሻ ላይ ስልሳ ያህል ፎቶዎቹ «ፓሪስ በሌሊት» በሚል መጽሐፍ ታትመው ወጡ።

ዕቃው ቀላል ነበር፦ የመስታወት ፕሌት የሚጎርስ ትንሽ የፎይግትላንደር ካሜራ፣ መቆሚያና የሲጋራ ፓኬት። ሲጋራው ሰዓቱም ነበር። ቦታው ትንሽ ብርሃን ካለው ሹተሩን ከፍቶ አንድ ጎልዋዝ ያጨሳል፤ ከጨለመ ደግሞ ወፈር ያለውን ቦያር ይለኩሳል። ይህ ወሬ ስለሚጣፍጥ ሁሉም ያወራዋል። ትልቁ ብልሃቱ ግን አቋቋሙ ላይ ነው። ፋኖሱ ከዛፍ ግንድ ወይም ከግድግዳ ጀርባ እንዲውል አድርጎ ይቆማል፤ አምፖሉ ሳይታይ ብርሃኑ ብቻ ይታያል። ጉምና ዝናብም ይመርጥ ነበር። ጉም የፋኖሱን ብርሃን በትኖ ለጨለማው ያካፍለዋል፤ የረጠበ ኮብልስቶንና የሴይን ወንዝ ደግሞ ከታች ወደ ላይ መልሰው የቅስቱን ሆድ ያበሩታል። በ1607 የተጠናቀቀው የፓሪሱ ድልድይ ፖን ኔፍ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ግዙፍ የድንጋይ ቅስቶች ስላሉት ቅስቱና በውሃው ላይ ያለው ጥላው ተገጣጥመው ክብ ይሠራሉ። ፖን ሩዋያል የተባለውን ድልድይ ሲያነሣም ከሥሩ ቆሞ፣ ቅስቱን እንደ ጥቁር መስኮት ተጠቅሞ ከማዶ ያለውን ድልድይ አሳይቶናል። ክፈፉ ራሱ ጨለማ ስለሆነ ፎቶው ውስጥ ያለው ጥቂት ብርሃን ሁሉ የታሰበበት ይመስላል።

ዛሬም በፊልም የሚያነሣ ሰው አንድ ተጨማሪ ዕዳ አለበት። ፊልም ብርሃኑ ሲያንስና ጊዜው ሲረዝም ይሰንፋል፤ እጥፍ ጊዜ ቢሰጡት እጥፍ አይሠራም። ይህን በስሌት ካስቀመጡት ቀደምቶች አንዱ ጀርመናዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ካርል ሽዋርዝሺልድ ነው፤ የደረሰበትም የኮከብ ብርሃን በፕሌት ላይ ሲለካ ነው። የፊልም አምራቹ ኢልፎርድ ኤችፒ5 ለተባለው ፊልሙ በሚሰጠው ቀመር መሠረት የብርሃን መለኪያው 10 ሰኮንድ ካለ 20 ገደማ፣ 30 ካለ ደግሞ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል መስጠት ያስፈልጋል። ክፋቱ ስንፍናው እኩል አለመሆኑ ነው፦ ጨለማው ጥግ ብዙ ሲያጣ አምፖሉ ምንም አያጣም፤ ጠቡ ይብሳል። ስለዚህ የድሮ ባለሙያዎች ጊዜውን አስረዝመው ያነሡና ፊልሙን ሲያጥቡ ያሳጥራሉ፤ እጥበቱ ሲያጥር የደመቀው ቦታ ከልክ በላይ አይነጣም።

ዲጂታል ካሜራ ይህ ዕዳ የለበትም፤ ለደማቅ ብርሃን ግን ምሕረት የለውም። አንዴ የነጣ ነጣ። አይኤስኦን 100 ላይ አድርጎ፣ ሌንሱን ወደ ኤፍ 8 ወይም 11 አጥብቦ፣ አንዱን ፎቶ ለመብራቱ፣ ሌላውን ለግንቡ አንሥቶ በኋላ ማዋሐድ የተለመደ ነው። ሌንሱ ሲጠብ አምፖሎቹ ኮከብ ይሆናሉ፤ የሌንሱ ቀዳዳ ክንፎች ቁጥር ሙሉ ከሆነ ጨረሮቹ ያንኑ ያህል፣ ጎደሎ ከሆነ እጥፍ ይሆናሉ። ብዙ ሰው ይወደዋል። ለእኔ ድልድዩን የሠርግ አዳራሽ ያስመስለዋል።

ቀለሙን ትቶ በጥቁርና ነጭ የማንሳት ምክንያትም ከዚሁ ከመብራቱ ይመነጫል። በአንድ ድልድይ ላይ ብርቱካናማ የሶዲየም መብራት፣ ነጭ ኤልኢዲ፣ የማስታወቂያ ቀይና አረንጓዴ ይገናኛሉ፤ በባለቀለም ፎቶ ዓይን የሚሄደው ወደ እነሱ እንጂ ወደ ድልድዩ አይደለም። ጥቁርና ነጭ ሁሉንም በድምቀታቸው ብቻ ይመዝናቸዋል። በብዙ የአውሮፓ ጎዳናዎች የነበረው ዝቅተኛ ግፊት ያለው የሶዲየም መብራት እንዲያውም ከአንድ ቀለም ሌላ አያወጣም ማለት ይቻላል፤ በእሱ ሥር የቆሙ ቀይና ሰማያዊ መኪኖች በዓይንም አይለዩም።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ጥሩው ጊዜ ድቅድቁ ጨለማ ሳይሆን ፀሐይ እንደገባች ያለው ነው። ሰማዩ ገና ስላልጠፋ የድልድዩን ጨለማ ጎን ይሞላዋል፣ መብራቶቹም በርተዋል። በሰኔ ፓሪስ ውስጥ ይህ ድንግዝግዝ አርባ ደቂቃ ያህል ይቆያል። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን የባሕር ዳሩን አዲስ የዓባይ ድልድይ ሊያነሣ የሚወጣ ሰው ግን ያለው ከሃያ ደቂቃ ብዙም አይበልጥም፤ እኛ ጋ ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው። ስለዚህ ቦታው በቀን ተጠንቶ፣ ትራይፖዱ ቀድሞ መተከል አለበት።

የሚተከለውም ዳር ላይ እንጂ ድልድዩ ላይ አይደለም። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ድልድይ ይንቀጠቀጣል፤ በዓይን የማይታወቅ ንዝረት ለሠላሳ ሰኮንድ ፎቶ በቂ ጥፋት ነው። በዚያው ሠላሳ ሰኮንድ ውሃው ይለሰልሳል፣ ሰዎች ይጠፋሉ፣ መኪኖች ሄደው የመብራታቸው መስመር ይቀራል። ሰው እንዲታይ የፈለገ «እባክህ አትነቃነቅ» ማለት አለበት፤ ብራሳይም ሰዎችን አስቁሞ ያነሣ ነበር። እኛ አገር ከዚህ ሁሉ በፊት የሚጠየቅ ሌላ ሰው አለ፦ የድልድዩ ጥበቃ። ካሜራው ሳይወጣ፣ በቀን ብርሃን፣ ሰላምታ ቀድሞ።