ውሻ በስፍራው ሲጸና

ከዲላ ተነሥቶ በወናጎ በኩል ወደ ይርጋ ጨፌ የሚዘልቅ መንገደኛ ከአውራ ጎዳናው ወጣ ብሎ ወደ አንድ የጌዴኦ ገበሬ ጓሮ በገባ ጊዜ፣ ከላይ ረጃጅም ዛፎች፣ ከእነርሱ በታች እንሰት፣ ከእንሰቱ ጥላ ሥር ደግሞ ቡና ተደራርበው በቅለው፣ የአንዱ ይዞታ የት አልቆ የጎረቤቱ የት እንደሚጀምር ለባዕድ ዓይን እስከማይለይ ድረስ ቤትና ተክል ተቀላቅለው ያገኛል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በሪያድ በተደረገው ጉባኤ የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው ይህ መልክዐ ምድር ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ የሚኖርበት ስለ ሆነ፣ ወደ ገበያ የምትሄደው ሴት፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ሕፃን፣ እሸት ቡና የተሸከመው ለቃሚ ሁሉ የሚያልፉት በሰው ደጅና በሰው ጓሮ ነው። በዚያው ጓሮ ውስጥ ደግሞ ውሻ አለ።

የዚህ ውሻ ሥራ ቀላል አይደለም። እንሰቱን ከከርከሮና ከጃርት፣ በጎቹንና ጥጆቹን ከጅብ ይጠብቃል፤ በለቀማውም ወራት፣ ዓመት የተደከመበት ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ ተዘርግቶ ሲያድር፣ ከዘበኛው ጆሮ አስቀድሞ የሌሊቱን ኮቴ የሚሰማው የእርሱ ጆሮ ነው። ነገር ግን ይህን ሁሉ የሚሠራው ፍጡር በብዙ ቤት ከሁለት አንዱ ዕጣ ይደርሰዋል፤ ወይ እንደ ወደደ ሲዞር ይውላል፣ ወይ ከግንድ ጋር በሰንሰለት ታስሮ ይኖራል። እኔ ግን ከሁለቱም የሚሻል ሦስተኛ መንገድ አለ እላለሁ፤ ይኸውም ውሻው የራሱ ስፍራ ተወስኖለት፣ በአንዲት ቃል ወደዚያ መሄድንና እስኪፈቀድለት ድረስ በዚያ መጽናትን እንዲማር ማድረግ ነው።

የታሰረ ውሻ የሚያስፈራው ነገር በመጣበት ጊዜ መሸሽ አይችልምና የሚቀረው መከላከያ ጥርሱ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሰንሰለት ክፉውን ውሻ የሚያስታግሥ መስሎን ስናስር ብዙ ጊዜ ደኅናውን ውሻ ክፉ እናደርገዋለን። የተለቀቀው ደግሞ በዚያ በጠባቡ የጓሮ መንገድ አላፊውን ያሳድዳል፣ ከማያውቀው ውሻ ጋር ይናከሳል፣ የእብድ ውሻንም በሽታ ይዞ ሊመለስ ይችላል። ይህ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ወደ ሰው ከሚተላለፈውም ከመቶ እስከ 99 የሚደርሰው ከውሻ የሚመጣ ነው። ጥፋቱም በሰው ብቻ አያበቃም፤ ከጌዴኦ በስተምሥራቅ፣ ከጉጂ ምድር ባሻገር፣ በባሌ ተራሮች ላይ፣ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ከመንደር ውሾች በተጋባበት በዚሁ ደዌ ተደጋግሞ አልቋል።

የውሻ ባሕርይ መከተል ነው። በመጽሐፈ ጦቢት ወጣቱ ጦብያ ከመልአኩ ከቅዱስ ሩፋኤል ጋር ለመንገድ ሲነሣ ውሻው አብሮ እንደ ወጣ ተጽፏል፤ ያን ውሻ መከተልን ያስተማረው ሰው አልነበረም። ጌታ ሲሄድ ወደ ኋላ መቅረት ግን ከውሻ ባሕርይ ውጭ የሆነ፣ በትምህርት ብቻ የሚገኝ ነገር ነው፤ ስለዚህ «ተቀመጥ ብዬው አልሰማኝም» ብሎ ውሻውን የሚመታ ሰው፣ ፊደል ሳያስቆጥር ዳዊት ድገም እያለ ተማሪውን እንደሚገርፍ የኔታ ነው።

የዚህ ትምህርት መሠረቱ በሊቃውንት ምርመራ የታወቀ ነው። ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ስለ ምግብ መፈጨት ባደረገው ጥናት ቢሆንም፣ ይበልጥ የሚታወቀው፣ ውሾቹ ምግቡ ገና ሳይደርስ ምግቡን በሚያስቀድመው ምልክት ብቻ ምራቃቸው መፍሰሱን አስተውሎ በመመርመሩ ነው። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ቶርንዳይክ ደግሞ መልካም ፍጻሜ ያገኘ ሥራ እንደሚደገም በእንስሳት ላይ ባደረገው ፈተና አስረዳ። እንግዲህ ስፍራው ራሱ ለውሻው የመልካም ነገር ምልክት እንዲሆንለት ያስፈልጋል።

ለዚህም ስፍራው ጠርዙ የታወቀ ይሁን። በባዶ መሬት ላይ «እዚህ» ማለት ለውሻ ግልጥ አይደለም፤ አሮጌ ጆንያ ወይም ከመሬት ስንዝር ከፍ ያለ የእንጨት ርብራብ ቢደረግለት ግን፣ አራቱም እግሮቹ በላዩ መሆናቸውን እርሱም ሰውየውም ያውቃሉ። ውሻ ከመዳፉ በቀር እምብዛም ስለማያልበው ሙቀቱን የሚያበርደው በማለክለክ ነውና፣ ስፍራው ጥላ ያለው፣ ከዝናብ የተከለለ፣ ውኃ የማይርቀው፣ ደጁንም ለማየት የሚያስችለው ይሁን።

ከዚህ በኋላ አስተማሪው ጥቂት ሥጋ ወይም የቆጮ ቁራሽ በጆንያው ላይ ያኖርለታል እንጂ ከእጁ አያጎርሰውም፤ ከእጅ የሚቀበል ውሻ እጅን ይከተላልና፤ ከስፍራው የሚያነሣ ግን ስፍራውን ይወዳል። በመጀመሪያ ቃል መናገር አያስፈልግም። ውሻው ማንም ሳይጠራው ወደ ጆንያው መሄድ ሲጀምር፣ ያን ጊዜ ሊረግጠው ሲል «ቦታህ!» ይባላል፤ ቃሉ በአማርኛም ይሁን በጌዴኡፋ፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ከአባወራው እስከ ሕፃኑ ያንኑ አንዱን ቃል ይናገር። ሁለተኛም የመፍቻ ቃል ያሻል፤ «በቃ!» ሲባል ብቻ ይነሣል። ብዙዎች ይህን መፍቻ ይረሱታል፤ መቼ እንደሚፈቀድለት የማያውቅ ውሻ ግን ፈቃዱን በራሱ ጊዜ ይወስዳል።

ከሁሉ የሚበልጠው ነገር መመለስ ነው። ሰው ውሻውን ካስቀመጠ በኋላ ርቆ ሄዶ ቢጠራውና ሲመጣ ቢያበላው፣ ውሻው የተማረው መቆየትን ሳይሆን ጥሪን መናፈቅን ነው፤ በየጊዜውም ከመጠራቱ በፊት ይነሣል። ስለዚህ ሰውየው ራሱ ወደ ውሻው ይመለስ፤ በስፍራው ሳለ ያመስግነው፣ በስፍራው ይክፈለው፣ ከዚያ በኋላ ይፍታው። እንዲህ ሲደረግ ጌታው መሄዱ መተው እንዳልሆነ፣ መጽናቱም የሚጎበኝ ሥራ እንደ ሆነ ያ እንስሳ በራሱ መንገድ ያስተውላል፤ እኔም በዚህ ትምህርት ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚነካ ነገር አላገኘሁም።

የመጽናቱ ብርታት የሚፈተነው በቆይታው ርዝመት፣ በሰውየው ርቀትና በሚመጣው ማወኪያ ነው፤ አንዱ ሲከብድ ሌላው ይቅለል። አንድ ደቂቃ ሙሉ የጸና ውሻ ጌታው ከእንሰቱ ኋላ ሲሰወርበት፣ ቆይታው ወደ ጥቂት ቅጽበት ይመለስለት። ዶሮ ስታልፍ ቢነሣ፣ ያለ ቁጣና ያለ ብዙ ቃል ወደ ስፍራው ይመራ፤ ዶሮዋም በሚቀጥለው ጊዜ ከራቅ ያለ ቦታ ትለፍ። ወደ ስፍራው መላክም እንዲሁ ከአንድ እርምጃ ጀምሮ እየራቀ ይሄዳል። ትምህርቱ አጭር ሆኖ በቀን ጥቂት ጊዜ ይሰጥ፤ ውሻው ሳይሰለች ይቁም።

እንዲህ ያለው ጽናት በአገራችን ለከፍተኛ ተልእኮ ውሏል። ከኤርትራ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላ በ1993 ዓ.ም. ፈንጂ እንዲያመክን የተቋቋመው የመንግሥት ጽሕፈት ቤት በኖርዌይ ሕዝብ ርዳታ ድርጅት ድጋፍ ፈንጂ አሽታች ውሾችን አሠማርቶ ነበር። እንዲህ ያለ ውሻ የፈንጂ ሽታ ሲያገኝ አይቆፍርም፣ አይዘልልም፤ ምልክት አድርጎ በዚያው ጸጥ ብሎ መቆየትን ይማራል። በዚያ ሥራ አንድ ያልተገባ እርምጃ የነፍስ ዋጋ ያስከፍላል።

በጌዴኦ የቡና ግቢ ጉዳዩ ከዚያ የቀለለ ቢሆንም ስፍራውን መምረጥ ብልሃት ይጠይቃል። የታጠበ ቡና እርጥበቱ ከመቶ ወደ 12 እጅ እስኪወርድ ድረስ በአልጋው ላይ ይሰነብታል፤ ቡናም ሽታን ፈጥኖ የሚቀበል ነገር ስለ ሆነ፣ የውሻው ስፍራ ከአልጋዎቹ ሥር ሳይሆን በግቢው መግቢያ በኩል መሆን ይገባዋል። በስፍራው የሚጸና ውሻ በክትባትም ቀን ያለ ድብድብ ይያዛል፤ በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ከመቶ 70ው ከተከተቡ የእብድ ውሻ በሽታ መተላለፊያው እንደሚቋረጥ የጤና ሊቃውንት ስለሚናገሩ፣ ይህ ለመንደሩ ሁሉ የሚተርፍ ጥቅም ነው።

ቡችላ ከተወለደ ከሦስተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ገደማ ሰውንና ዓለምን የሚለምድበት ጊዜ ነውና በዚያ ወራት ከእንግዳ ጋር ማላመድ ይበጃል፤ ያደገ ውሻም ቢሆን ስፍራን ለመማር አይዘገይም። በሰኔ የጀመረ ሰው ክረምቱን ሙሉ ጊዜ አለው። ጥቅምት ብቶ ለቃሚውና ነጋዴው ደጁን ሲያጨናንቁት ግን ለውሻው አዲስ ትምህርት አይጨመርበት፤ የተማረውን ብቻ ይሥራ፤ በስፍራው የሚያገኘውም ቁራሽ በዚያ ወራት ከሌላው ጊዜ ይልቅ አይጓደልበት።