«ዕጢ» እና «ምርመራ»፦ በአንጎል ሕመም አተረጓጐም ላይ

«ዕጢ» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ነገሮችን ይሰይማል፤ ይኸውም እንደ ታይሮይድ ያለውን ተፈጥሯዊ አመንጪ ክፍልና ከሥርዐት ውጭ የበቀለውን የሴሎች ክምችት ነው። ሁለቱ የተገናኙ እንደ ሆነ ተርጓሚው «የፒቱታሪ ዕጢ ዕጢ» ብሎ ለመጻፍ ይገደዳል። አንዱን በዐይኑ «ዕ»፣ ሌላውን በአልፋው «እ» እንለይ የሚሉ አሉ፤ በሽተኛው ግን የሚሰማ እንጂ የሚያነብ አይደለም።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ከተጠቃለሉት ከሰበታ፣ ከቡራዩ ወይም ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ ለሕክምና የመጡ፣ ከ60 ዓመት ያለፉ አንድ አዛውንት እናስብ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይዘነጋሉ፤ ጠባያቸው ይለወጣል፤ አካሄዳቸው ይዛባል። ቤተ ሰቡ «ጃጁ» ይላል። መጃጀት ግን የዓመታት ነገር ነውና የሳምንታትን ለውጥ ሊሸፍን አይገባውም። በኤም.አር.አይ. ሥዕል በአንጎላቸው የበቀለ ነገር ታየ፤ የተጠረጠረውም ከአንጎል የሚነሣ ሊምፎማ፣ ማለት ሊምፎሳይት የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች ካንሰር ነው። ከአንጎል ዕጢዎች መካከል ይህ ጥቂቱ ሲሆን በብዛት የሚገኘው በአረጋውያን ላይ ነው።

ሐኪሙ «ዕጢ ነው» ሲል ቤተ ሰቡ «መቼ ይወጣል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ቃሉ ተቈርጦ የሚወጣ ነገርን ያሳስባልና። የዚህ በሽታ ዋና ሕክምና ግን መድኃኒት ነው፤ ቀዶ ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ ለናሙና ብቻ ነው። «የሊምፍ ዕጢ ካንሰር» ብሎ መተርጐምም አይረዳም፤ ሰሚው ንፍፊት ያስብና በሽታውን ከጭንቅላት አውርዶ ከብብትና ከብሽሽት ይፈልገዋል።

ከዚህ የሚከብደው «ጠፋ» የሚለው ቃል ነው። ለአንጎል እብጠት የሚሰጠው ዴክሳሜታሶን የሊምፎማን ሴሎች ስለሚገድል የበቀለው ነገር ከሥዕሉ ላይ ለጊዜው ሊጠፋ ይችላል። መድኃኒቱ ከናሙና በፊት ከተሰጠም ናሙናው የበሽታውን ዓይነት ሳያሳይ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ የሕመምተኛው ሁኔታ ከፈቀደ ናሙናው ይቀድማል። አስተርጓሚው፣ ብዙ ጊዜም ለአባቱ ነገሩን በኦሮምኛ የሚያስረዳው ልጅ፣ «ጠፋ» የተባለውን «ዳነ» ብሎ ቢያሳልፈው አዛውንቱ ከነበሽታቸው ወደ ቤት ይመለሳሉ።

ሕዝቡ የለመደውን «የአንጎል ዕጢ» መንጠቅ አይቻልም። የሚሻለው ተፈጥሯዊውን «አመንጪ ዕጢ» ማለት፣ «ሊምፎማ»ንም በውሰት ማስቀረት ይመስለኛል። «ምርመራ» ግን መለየት አለበት፤ ዛሬ ፍለጋውንም ግኝቱንም ይሰይማልና። ለግኝቱ «የበሽታ ልየታ» ይሁን። ኤም.አር.አይ. የተነሡት አዛውንት ተመርምረዋል፤ በሽታቸው ግን ናሙናው በማይክሮስኮፕ እስኪታይ ድረስ አልተለየም።