ድምፅ የሌለው ሞተር እና የልጅ ልጄ

ከ40 ዓመት በላይ አዲስ አበባ ውስጥ ሞተር ሳይክል ስጠግን ኖሬአለሁ። ሞተር ወደ ግቢ ሲገባ የታመመው ካንዴላው ይሁን ካርቡራተሩ፣ ድምፁን ሰምቼ እለይ ነበር። ባለፈው ሐምሌ ልጄን ልጠይቅ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ስሄድ ግን ጆሮዬ የማይረዳኝ ሞተር ገጠመኝ። የ15 ዓመቱ የልጅ ልጄ ከኋላዬ መጥቶ አጠገቤ ሲቆም የሰማሁት የጠጠሩን ድምፅ ብቻ ነው።

ሱር-ሮን ላይት ቢ ይባላል፤ ለአፈርና ለኮረብታ የተሠራ የቻይና የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ልጄ ያገለገለውን ስትገዛለት «ሳይክል ነው» ተብላ ነበር። ፔዳል ግን የለውም። ክብደቱ ከ50 እስከ 60 ኪሎ ነው፤ ፍጥነቱ በሰዓት ከ70 ኪሎ ሜትር ያልፋል። እዚያ አገር እንደ ሳይክል የሚቆጠረው ሞተሩ ከ750 ዋት ያልበለጠ ነው፤ የዚህ ጉልበት እስከ 6 ሺሕ ዋት ይደርሳል።

ልጁ ሣር እያጨደ ገንዘብ አጠራቅሟል። ባለ 60 ቮልት ባትሪውን በ72 ቮልት ሊቀይር ቆርጧል። እናቱ ጭንቅ ብሏታል። «አባዬ፣ አንተ ታውቅበታለህ፤ አንድ ነገር በለው» አለችኝ።

ብከለክለው እኔ ስመለስ መግዛቱ አይቀርም። ስለዚህ «መጀመሪያ አብረን እንፍታው» አልኩት። የፊት ጎማውን ስናወርድ የፍሬን ሸራው አልቆ ብረቱ ዲስኩን ሊነካ ደርሷል። ልጁ ዝም አለ። እኔም የምለው ጠፋኝ፤ በዚያ ፍሬን ሁለት ወር ነድቷል።

ከዚያ በካርቶን ላይ ሒሳብ ሠራንለት። ቮልት ሲጨምር ሞተሩ ይፈጥናል። ፍጥነት ከ70 ወደ 100 ከፍ ሲል ግን ለማቆም የሚያስፈልገው ሥራ በ30 አይጨምርም፤ እጥፍ ይሆናል። በዚያ ላይ ለ60 ቮልት የተሠራው መቆጣጠሪያ 72 ቮልት ሲገባበት ሊቃጠል ስለሚችል እሱም አብሮ መቀየር አለበት። ገንዘቡ በፍሬን ሸራ፣ በጥሩ የራስ ቁር፣ በጉልበትና በደረት መከላከያ ላይ ዋለ። ደስ ብሎት ነው አልልም፤ ግን የገዛው ራሱ ነው።

ልጆቻቸው ወይም የልጅ ልጆቻቸው ይህን ለሚጠይቋቸው፣ ከዚያ ወር የያዝኩትን ላካፍል።

ስትገዙ

ልጁ ተቀምጦበት የሁለቱም እግሮቹ ጣቶች መሬት ይንኩ። «ያድግበታል» ተብሎ ጫማ እንጂ ሞተር አይገዛም። ያገለገለ ከሆነ የግዢ ደረሰኙንና የመለያ ቁጥሩን አመሳክሩ፤ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል። ባትሪው ያበጠ፣ የተከፈተ ወይም በፕላስተር የታሰረ ከሆነ ትታችሁት ሂዱ። የት እንደሚነዳም አስቀድማችሁ ጠይቁ። የእኛው ልጅ አሁን የሚነዳው ለሞተር በተፈቀደ የጫካ መንገድ፣ አዋቂ አብሮት ሲኖር ብቻ ነው። ድምፅ ስለሌለው እግረኛ አይሰማውምና ሰፈር ውስጥ አደገኛ ነው።

ስትይዙ

የሞተር ዘይት መቀየር የለም፤ ካንዴላም የለም። የቀረው ግን እኛ የምናውቀው ነው። ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት ፍሬኑ ይጨበጥ፣ የጎማው አየር ይታይ፣ ቡሎኖቹ ይፈተሹ። ካቴናው ከጭቃ ይጽዳ፣ ይቀባ፤ ከመጠን በላይ አይላላ፣ አይወጠርም። መሪውን ይዛችሁ ወደፊትና ወደኋላ ስትነቀንቁት ኳ ካለ ኩሽኔታው ይታይ። ሲታጠብ በኃይል የሚረጭ ውኃ አይነካው፤ ባልዲና ጨርቅ ይበቃል።

ባትሪው ግን የቤቱ ሁሉ ጉዳይ ነው። የሊቲየም ባትሪ እሳት ከተነሳ ለማጥፋት በጣም ይከብዳል። በራሱ ቻርጀር ብቻ፣ ሰው ነቅቶ እያለ፣ በሲሚንቶ ወለል ላይ ይሞላ። መኝታ ቤትና መውጫ በር አጠገብ ፈጽሞ አይሁን። ከዜሮ ዲግሪ በታች በሆነ ብርድ መሙላት ባትሪውን ይጎዳዋል፤ መጀመሪያ ብርዱ ይልቀቀው። ለረጅም ጊዜ የማይነዳ ከሆነ ግማሽ ያህል ተሞልቶ በደረቅ ቦታ ይቀመጥ።

አሁን አዲስ አበባ ተመልሻለሁ። ባለፈው እሑድ ልጁ ደወለልኝ።

«አባባ፣ የኋላው ሸራ ሁለት ሚሊ ሜትር ቀርቶታል። ልቀይረው?»

«ቀይረው እንጂ!»

ትንሽ ቆይቶ «18 ዓመት ሲሞላኝስ ባለ 72ቱን ልግዛ?» አለኝ።

«ያን ጊዜ መጀመሪያ ፍሬኑን ታሳየኛለህ» አልኩት።