ከማዕዱ በፊት የበሬው ድርሻ
በአይሁድ ትምህርት ስለ ቡራኬ፣ ስለ ጸሎትና ስለ እንስሳት አያያዝ

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ኦሪት ዘዳግምን ስንማር፣ በምዕራፍ 11 ቍጥር 15 እግዚአብሔር በሜዳ ለከብት ሣርን እንደሚሰጥ፣ ሰውም በልቶ እንደሚጠግብ የተነገረውን ተስፋ እንደ ዝናምና እንደ መኸር ነገር ብቻ ቈጥረን አልፈነው ነበር። የአይሁድ መምህራን ግን በዚሁ ቍጥር ውስጥ አንድ ሥርዓት አግኝተውበታል፤ ይኸውም ሰው ለከብቱ ሳያበላ ራሱ ሊበላ አይገባውም የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ሥርዓት ከቡራኬና ከጸሎት ጋራ እንዴት እንደ ተያያዘ ማስረዳትና፣ ርኅራኄ በሕግ ውስጥ ምን ቦታ እንዳለው መመርመር ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።

አስቀድሞ ቡራኬ ምን እንደ ሆነ መረዳት ያስፈልጋል። በአይሁድ ሥርዓት ሰው ኅብስት ከመቊረሱ በፊት እህልን ከምድር የሚያወጣውን አምላክ ያመሰግናል። ለወይን፣ ለዛፍ ፍሬና ለአትክልት ደግሞ ለየራሳቸው የተወሰነ ቡራኬ አላቸው። ታልሙድ እንደሚያስተምረው፣ ከዚህ ዓለም በረከት ያለ ምስጋና የሚጠቀም ሰው የተቀደሰ ንብረትን ለራሱ ጥቅም እንዳዋለ ይቈጠራል። ስለዚህ ቡራኬ እንደ ፈቃድ መጠየቂያ ነው ለማለት ይቻላል። ዳሩ ግን በቡራኬው ውስጥ የእግዚአብሔር ስም ስለሚጠራ በከንቱ እንዳይነገር ብርቱ ጥንቃቄ ይደረግበታል። ከዚህም የተነሣ ቡራኬውን የጨረሰ ሰው የመጀመሪያውን ጕርሻ ሳይቀምስ ሌላ ነገር ሊናገር አይገባውም፤ ቢናገር ግን ቡራኬው ስለሚቋረጥ እንደ ገና መባረክ ግዴታው ይሆናል።

እንግዲህ በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ ምን ዓይነት ንግግር ይፈቀዳል? በባቢሎን ታልሙድ፣ ብራኮት በተባለው ክፍል፣ ሦስት ሊቃውንት በዚህ ነገር ተከራክረዋል። ራቭ የተባለው መምህር ባለማዕዱ የተባረከውን ኅብስት ተቀበሉ ቢል ቡራኬው አይቋረጥም፤ ጨው አምጡ ቢል ግን ይቋረጣል አለ። ረቢ ዮሐናን ጨው መጠየቅም ለማዕዱ የሚያስፈልግ ስለ ሆነ አያቋርጥም፤ ለበሬዎቹ መኖ ለውሱላቸው ብሎ ማዘዝ ግን ያቋርጣል አለ። ዐይነ ስውሩ ሊቅ ራቭ ሼሼት ግን የበሬዎቹም መኖ ቢሆን ቡራኬውን አያቋርጥም ሲል ፈረደ። ምክንያቱንም ያገኘው ከራቭ ከራሱ ትምህርት ነው፤ ራቭ ሰው ከብቱን ሳያበላ ሊበላ አልተፈቀደለትም ብሎ አስተምሮ ነበርና። ማስረጃውም ከላይ የጠቀስነው የዘዳግም ቃል ነው፤ በዚያ የከብቱ ሣር አስቀድሞ፣ የሰው መጥገብ ኋላ ተነግሯል።

ነገሩ ቀላል ቢመስልም ትልቅ ፍሬ አለው። ሰውዬው ርቦታል፤ ኅብስቱም በእጁ ነው፤ የአምላክም ስም አሁን ተጠርቷል። በዚህ ሰዓት የበሬው ረኃብ ትዝ ቢለውና ቢናገር፣ ሕጉ ይህን ከጸሎት እንደ መውጣት አይቈጥርበትም። የበሬው ድርሻ እንደ ጨው ሁሉ የማዕዱ አንድ ክፍል ሆኗል ማለት ነው። ይኸው የዘዳግም ክፍል ደግሞ ሽማዕ በተባለው ጸሎት ውስጥ ጠዋትና ማታ ስለሚነበብ፣ ሥርዓቱን የሚጠብቅ አይሁዳዊ የከብቱን ነገር በየቀኑ ሁለት ጊዜ በአፉ ያነሣል።

በመጠጥ ረገድ ግን ተራው ይለወጣል። ርብቃ በምንጩ አጠገብ ለአብርሃም ሎሌ መጀመሪያ ለእርሱ ውሃ ሰጥታ፣ ከዚያ በኋላ ግመሎቹን እንዳጠጣች በዘፍጥረት 24 ተጽፏል። በ17ኛው መቶ ዘመን በፖላንድ የነበረው አብርሃም ጎምቢነር ይህን መሠረት አድርጎ፣ በመብል ከብት፣ በመጠጥ ግን ሰው ይቀድማል ብሎ ጽፏል። የሥርዓቱም ጥብቅነት አከራክሯል። ታልሙድ ክልክል ነው ሲል፣ በ1204 በግብፅ የሞተው ሙሴ ማይሞኒደስ በሕግ መጽሐፉ የቀደሙት ሊቃውንት ከብቶቻቸውንና ባሮቻቸውን ከራሳቸው በፊት ያበሉ ነበር ብሎ እንደ በጎ ልማድ አቅርቦታል። በ18ኛው መቶ ዘመን ደግሞ ያዕቆብ ኤምደን ይህ ግዴታ ለውሻና ለድመት ይደርሳልን የሚለውን ጥያቄ መርምሯል።

የሰንበትም ሕግ በዚሁ መንገድ ይታያል። እንስሳ በሰንበት ቀን ውሃ ወዳለበት ቦይ ቢወድቅ፣ ተደግፎ እንዲወጣ ትራስና ፍራሽ ከበታቹ እንዲደረግለት ታልሙድ ይፈቅዳል። ላም ሳትታለብ ብትውል ጡቷ ተወጥሮ ስለምትሠቃይ፣ አይሁዳዊ ያልሆነ ሰው እንዲያልባት ማዘዝ እንደሚቻል ሹልሐን አሩኽ የተባለው የ16ኛው መቶ ዘመን የሕግ መጽሐፍ ይናገራል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንባቢ ሕጉ በርኅራኄ ላይ ብቻ የቆመ ነው ብሎ ሊደመድም ይችል ይሆናል። ነገር ግን በ200 ዓ.ም. አካባቢ የተሰበሰበው ሚሽና ከዚህ አሳብ ጋራ የሚጋጭ የሚመስል ነገር ይዟል። በዘዳግም 22 እናቲቱን ወፍ ከጫጩቶቿ ጋራ መውሰድ ተከልክሏል። ይሁን እንጂ አንድ ሰው በጸሎቱ የአምላክ ምሕረት እስከ ወፍ ጎጆ ይደርሳል ቢል፣ ዝም እንዲያሰኙት ሚሽና ያዛል። ታልሙድ ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ትእዛዝ የሆነውን ነገር ምሕረት ብቻ አድርጎ ይተረጕማል የሚል ነው። ማይሞኒደስ በፍልስፍና መጽሐፉ ይህ ከሁለት አስተያየቶች አንዱ ብቻ ነው ብሎ፣ እንስሳ ለልጇ ያላት ፍቅር ከሰው እናት ፍቅር እንደማይለይ አስረዳ። በ1270 የሞተው ናሕማኒደስ ደግሞ ሦስተኛ መንገድ ያዘ፤ ትእዛዙ የተሰጠው አምላክ ለወፊቱ ስላዘነ ሳይሆን፣ ሰው ጨካኝ እንዳይሆን ለማስተማር ነው አለ። ስለ ወፊቱ ቢሆን ኖሮ ማረድም በተከለከለ ነበር ሲልም ያስረዳል።

ሚሽናን የሰበሰበው ረቢ ይሁዳም በዚህ ነገር እንደ ተፈተነ ታልሙድ ይተርካል። ለዕርድ የሚነዳ ጥጃ ራሱን በልብሱ ውስጥ ሸሽጎ ሲያለቅስ፣ ሂድ፣ ለዚህ ተፈጥረሃል ብሎ መለሰው፤ በዚህም ምክንያት ለብዙ ዓመታት ደዌ ያዘው። በኋላ ግን አገልጋዩ ቤት ስትጠርግ ያገኘቻቸውን የትናንሽ አውሬ ግልገሎች እንዳትጥላቸው ስለ ከለከላት ደዌው ለቀቀው። ያን ጊዜ የጠቀሰው ቃል በዕብራይስጥ ቍጥር 145ኛው፣ በእኛ ዳዊት ደግሞ 144ኛው ከሆነው መዝሙር የተወሰደ ነው፤ ይህም መዝሙር በአይሁድ የዘወትር ጸሎት ውስጥ በቀን ሦስት ጊዜ ይደገማል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ረቢ ይሁዳ የተናገረው ከሕግ አንጻር ስሕተት አልነበረም፤ ማረድ ተፈቅዷልና። የተወቀሰው ለሚያለቅሰው በሰጠው መልስ ነው።

በአገራችን የነበሩት ቤተ እስራኤል ኦሪትን በግእዝ እየደገሙ ሲኖሩ ታልሙድ ስላልነበራቸው፣ የረቢዎቹን ክርክር አልወረሱም። ቢሆንም ሥርዓቱ የተገኘበት የዘዳግም ቃል በእነርሱም፣ በክርስቲያኖቹም ኦሪት አለ። በአባቴ ቤትም በሬዎቹ ከቀንበር ሲፈቱ ጭዳቸው ሳይቀርብላቸው እራት አይቀርብም ነበር፤ ይህን ያደረገው ግን ከመጽሐፍ ተምሮ ሳይሆን፣ ነገ የሚያርሱለት እነርሱ ስለ ሆኑ ነው።

ከዚህ የምንረዳው፣ የአይሁድ መምህራን የርኅራኄን ነገር ለሰው ስሜት ብቻ እንዳልተዉት ነው። ስሜት ሲርበው ይረሳል። ሥርዓት ግን የተራበው ሰው ኅብስቱን ይዞ ሳለ እንኳ፣ መናገር ስለማይችለው ፍጥረት እንዲናገር ቦታ ይሰጠዋል።