የአሮጌው ጠመንጃ አዲስ ሰደፍ

አርበኞች አባቶቻችን የዘመቱበት ቤልጅግም ሆነ ውጅግራ እንጨቱ ከሰደፉ እስከ ፊቱ ድረስ አንድ ወጥ ነበር። ስለዚህም አንገቱ ላይ የተሰነጠቀ እንደሆነ ባለቤቱ ጥሬ ቆዳ አርጥቦ ይጠመጥምበታል፤ ቆዳው ሲደርቅ እንጨቱን ጨምድዶ ይይዛል። እንግሊዝ ሠራሹ ሊ-ኤንፊልድ ግን ሰደፉ ለብቻ፣ የፊት እንጨቱም ለብቻ በመሆኑ፣ ሰደፉ ሲሰበር በሌላ ይተካል።

ይህ ጠመንጃ ለካምፓላም ለጎንደርም እንግዳ አይደለም። ከካምፓላ በስተሰሜን ባለችው በቦምቦ ሰፍሮ የነበረው የዩጋንዳውያን ጦር፣ ማለትም የንጉሡ የአፍሪካ ተኳሾች 4ኛ ሻለቃ፣ የታጠቀው ይህንኑ ነበር። ጣልያንን ከኢትዮጵያ ባስወጣው የ1933 እና የ1934 ዓ.ም. ዘመቻም የዚሁ ጦር ሰዎች ተካፍለዋል።

ወደ ሥራው እንግባ። ጠመንጃው ባዶ መሆኑ በዓይንም በጣትም ከተረጋገጠ በኋላ፣ ችኩል ሰው ረጅም ካቻቪቴ ይዞ ከኋላ ይጀምራል። በሰደፉ ብረት ላይ ያለችውን ትንሽ ክዳን ከፍቶ፣ ከውስጥ የተወተፈውን ቆዳ አውጥቶ፣ ሰደፉን የያዘውን ረጅም ብሎን ያዞራል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። በቀድሞው ዓይነት፣ ቁጥር 1 በሚባለው፣ የብሎኑ ጫፍ አራት ማዕዘን ሆኖ በፊት እንጨቱ ውስጥ ካለች ትንሽ ብረት ጋር ይቆላለፋል። ብሎኑ ሲዞር ያቺ ብረት አብራ ትዞርና የፊት እንጨቱን ትሰነጥቀዋለች። ይህ ጸሐፊም በወጣትነቱ አንድ ጤናማ እንጨት በዚሁ መንገድ አበላሽቷል፤ ድምፁ እንደ ደረቅ ጭራሮ ነው። እንግዲህ አስቀድሞ የፊት እንጨቱ ይወልቃል፤ ብሎኑ የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። ሲመለስም የብሎኑ ጫፍ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። በኋላ በተሠራው በቁጥር 4 ይህ መቆላለፍ ቀርቷል።

አዲሱ ሰደፍ ሲመረጥ ልኩ ይታያል። ረጅሙ «ኤል» የሚል ፊደል ሲኖረው ከመደበኛው በ13 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ «ኤስ» በዚያው መጠን ያጥራል፤ «ቢ» ደግሞ በ25 ሚሊ ሜትር። የመጨረሻው «ባንታም» ይባላል፤ ስሙ የትንሽ ዶሮ ዘር ስም ነው። ወይዘሮዎቻችን የባላቸውን ሱሪ ሲያሳጥሩ እንደሚለኩት፣ የሰደፉን ጫፍ በክርን መታጠፊያ ላይ አሳርፈው ጣቱ ምላጩ ዘንድ በምቾት መድረሱን ይዩለት። ሰደፉ ካጠረ በተኩስ ጊዜ የገዛ አውራ ጣቱ አፍንጫውን ይመታዋል።

ሰደፉ በብረቱ ጉድጓድ ውስጥ ጠብቆ መግባት አለበት፤ የሚነቃነቅ ከሆነ ጥይቱ አንድ ቦታ አያርፍም። ጉድጓዱን ጥላሸት ቀብቶ ሰደፉን አስገብቶ ማውጣት ነው። የጠቆረው ቦታ የሚነካው ስለሆነ፣ ያ ብቻ በሞረድ በጥቂት በጥቂቱ ይነሣል። መሮ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ የተነሣ እንጨት አይመለስምና።

ለእንጨቱ የሚቀባው የተልባ ዘይት ነው፤ የእንግሊዝ ጦርም የሚጠቀመው ይህንኑ ነበር። ተልባው ሳይቆላ የተጨመቀ ይሁን እንጂ በጾም ቀን የምንጠጣውን ማለታችን አይደለም። በመዳፍ እየታሸ፣ ስስ ሆኖ፣ በየጥቂት ቀኑ ይደጋገማል።

እዚህ ላይ እመቤቶች ልብ ይበሉ። የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ፣ ዘይቱ ከአየር ጋር ሲዋሐድ ሙቀት ያወጣል፤ ሙቀቱም መውጫ አጥቶ ክብሪት ሳይነካው ጨርቁ ሊነድ ይችላል። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ፣ ልጆች በተኙበት አልጋ ሥር ወይም በልብስ ቅርጫት ውስጥ እንዲህ ያለ ጨርቅ አይቀመጥ። ከቤት ውጭ ተዘርግቶ እስኪደርቅ ይተው፤ አለበለዚያ ውሃ በሞላበት ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ይነከር። ባልየው ሥራውን ጨርሶ ሻይ ሲጠይቅ፣ አስቀድሞ ጨርቁ የት እንዳለ ይጠየቅ።

ካምፓላ በዓመት ሁለት የዝናብ ወራት አላት፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ቀጥሎም ከመስከረም እስከ ኅዳር። እንጨት በርጥበት ያብጣል፤ በድርቅ ይሟሽሻል። በዝናብ ጊዜ የገባ ሰደፍ በሰኔና በሐምሌ ሊላላ ይችላልና፣ ያን ጊዜ ብሎኑ እንደገና ይጠበቃል። ጠመንጃው ቁጥር 1 ከሆነ ያን ጊዜም የፊት እንጨቱ አስቀድሞ ይወልቃል።