ወደ ኋላ የተኛ ጠጉር በቤት ውስጥ

የሞያሌን ነፋስ የማያውቅ እንግዳ፣ ጠጉሯን ወደ ኋላ አስተኝታ የወጣች የወታደር ባለቤት ሲያይ ለጌጥ ብቻ ይመስለዋል። በቀዩ አቧራና በውሃው እጥረት መካከል የምንኖር እኛ ግን ነገሩ የንጽሕናና የጊዜ ቁጠባ ጉዳይ መሆኑን እናውቃለን። የወታደሩንስ ጠጉር የካምፑ ጠጉር ቆራጭ በመቀስ ይገላግለዋል፤ ዛሬ የምናነሣው የባለቤቱን ነው።

ከመካከላችን አንዷ ባለቤቷ ከግዳጅ እስኪመለስ ድረስ በየማለዳው ጠጉሯን ዓይኗ እስኪወጠር ስባ በላስቲክ ታስር ነበር። ከወራት በኋላ በግንባሯ ዳርና ከጆሮዎቿ በላይ ጠጉሩ ሳስቶ የራስ ቆዳዋ ይታይ ጀመር። እርሷ በሞያሌ ውሃ ብታሳብብም ጥፋቱ የላስቲኩ ነበር። ይህ እክል አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1907 በግሪንላንድ ጠጉራቸውን አጥብቀው በሚያስሩ ሴቶች ላይ ታይቶ ተጽፏል። የጠጉር ሥር ዘወትር ሲጎተት ይደክማል፤ በጊዜ ከተላቀቀ መልሶ ያበቅላል፤ ለዓመታት ከተጎተተ ግን ጠባሳ ይዞ ይቀራል። ሕመምና በጠጉሩ ዳር የሚወጡ ጥቃቅን ብጉሮች የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ናቸው።

ስለዚህ እህቶቻችን፣ ማስተኛቱን ከክንድ ጉልበት ወስደን ለተልባ እንስጠው። ያልተቆላና ያልተፈጨ አንድ ሲኒ ተልባ ከስድስት ሲኒ ውሃ ጋር በለስላሳ እሳት እያማሰሉ የእንቁላል ነጭ ሲመስል ማውረድ፣ ሳይቀዘቅዝም በንጹሕ የናይሎን ካልሲ ማጥለል ነው፤ ከቀዘቀዘ አልወርድም ይላል። (የባልን የጥበቃ ካልሲ ግን አደራ!) ፍሪጅ በሌለበት ቤት ከሁለት ቀን በላይ አይቆይም።

ጠጉሩን ለማርጠብ አንድ ጆግ ውሃ ይበቃል። ጥርሱ ሰፋፊ በሆነ ሚዶ ከጫፍ ጀምሮ ወደ ሥሩ ይፈታ፤ ከዚያም ተልባው በመዳፍ ተቀብቶ ከግንባር ወደ ማጅራት በብሩሽ ይሳብ። ቫዝሊን የምትወድ በእርጥብ ጠጉር ላይ በስሱ ትቀባ፤ ቫዝሊን ያለውን እርጥበት ያቆያል እንጂ ራሱ አያረጥብም፤ ሲበዛም አቧራ ይሰበስባል። ቅቤንማ ጎረቤቶቻችን የቦረና እናቶች በቀጫጭን ሹሩባ ላይ ያውቁበታል፤ ለዚህ ዓይነቱ አሠራር ግን በቀትር ፀሐይ ቀልጦ አንገትጌ ያበላሻል። በመጨረሻ ሻሽ ላላ ተደርጎ ይታሰርና አቦሉ እስኪወርድ ይቆይ፤ ሲፈታ ጠጉሩ ተኝቶ ይገኛል።

ማታ ማሰሪያው ይፈታ፤ በማግሥቱም ጠጉሩ በሻሽ ሥር ልቅ ሆኖ ይረፍ። ያቺ እህታችን ላስቲኩን ከጣለች ወዲህ በግንባሯ ዳር አጫጭር ጠጉሮች ብቅ ብለዋል፤ ቡና ላይ ሻሿን ገለጥ እያደረገች ታሳየናለች።